የጎረቤት እርሾ

ጋሽ ፉርኖ ባዶ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው የሕንጻውን ደረጃ ሲወጡ፣ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው መምህርት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ስትወርድ ድንገት ተገጣጠሙ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ አንዱ ለሌላው መልቀቅ ነበረበት። መምህርቷ ጨዋ ልጅ ናትና ግድግዳው ላይ ተለጥፋ «ይለፉ፣ ጋሼ» አለች። እሳቸው ግን አላለፉም። ከጨርቁ ውስጥ የወጣው ሽታ እግራቸውን ያዘው።

የዳቦ ሽታ ነበር። ያውም የትኩስ ዳቦ።

ይህ ሽታ ለምን እንዳስደነገጣቸው ለመረዳት ስለ ሰውየውና ስለ ጊዜው ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ጋሽ ፉርኖ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዳቦ ሲጋግሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፈሩ እናትና አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ረስቶ ጋሽ ፉርኖ ካላቸው ቆይቷል፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ከውጭ የሚገባው ሸቀጥ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ዘይት ጠፋ፣ ቀጥሎ ስኳር ጠፋ፣ በመጨረሻም በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣው ደረቅ እርሾ ጠፋ። ዱቄት እንደምንም ይገኛል፤ ዱቄቱን ኩፍ የሚያደርገው ግን የለም። ጋሽ ፉርኖ ጉልበታቸውን የጨረሱበት ዳቦ ቤት እንኳ በዚያው ጠዋት በሩ ላይ «እርሾ የለም» የሚል ወረቀት ለጥፎ ተዘግቶ ነበር የጠበቃቸው። ከዚያ በር ላይ ተመልሰው ነው እንግዲህ ደረጃው ላይ ይህ ሽታ አፍንጫቸው ውስጥ የገባው።

«ከየት አመጣሽው?» አሉ፤ ሰላምታውን ዘለሉት።

«እቤት ጋግሬው ነው፣ ጋሼ። ታች ላለው ልብስ ሰፊና ለቤተሰቡ ላደርስላቸው ነው።»

«በምን እርሾ?»

«ራሴ ባዘጋጀሁት። ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው።»

ጋሽ ፉርኖ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ከጉሮሮ አልዘለለም። «ልጄ፣ ዱቄትና ውሃ ሙጫ ነው። ወረቀት ይለጠፍበታል እንጂ ዳቦ አይወጣውም።»

«በመጀመሪያው ቀን ልክ ነዎት፣ ሙጫ ነው። ሳምንት ያህል እየመገቡ ሲያቆዩት ግን ነፍስ ይዘራል።»

«ሳምንት የከረመ ሊጥ በእኛ ሙያ ስሙ ቆሻሻ ነው። ይደፋል። እኔ የጋገርኩት ዳቦ ቢደረደር ይህን ከተማ ሦስቴ ይዞራል፤ በቆሻሻ ሊጥ የተጋገረ ግን አንድም የለበትም።»

መምህርቷ አልተቀየመችም። የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አድርጋ «እስኪ ቆርሰው ይቅመሱና ይፍረዱ» አለቻቸው።

«በልቻለሁ» አሉ ጋሽ ፉርኖ። ከጠዋት ጀምሮ ከሻይ በቀር አፋቸው የገባ ነገር አልነበረም።

ቤታቸው ገብተው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤታቸው አንድ ሩብ ዳቦ በሳህን ይዘው ገቡ። መምህርቷ ለእሳቸውም ልካላቸው ኖሯል። ባለቤታቸው ቆመው ቆረሱ፣ ጎረሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እጇ ይባረክ!» አሉ።

ይህች ቃል ጋሽ ፉርኖን እንደ ጋለ ብረት ነካቻቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከእኚህ ሴት አፍ እንዲህ ያለ ምርቃት ለእሳቸው ወጥቶ አያውቅም። ያለ ሽርጥ፣ ያለ ልምድ፣ መጽሐፍ እያገላበጠች የጋገረች ልጅ ግን በአንድ ጉርሻ ተባረከች። 

በማግስቱ ባለቤታቸው ጎረቤት ሲሄዱ ጠብቀው የወጥ ቤቱን በር ዘጉና ከሻይ ስኒዎቹ ኋላ ደብቀው ያኖሩትን አንድ ፓኬት እርሾ አወጡ። ጊዜው ካለፈበት ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ቢሆንም የባለሙያ እጅ ሲነካው እሺ ይላል ብለው አቦኩት፣ አሹት፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ አስቀመጡት። አንድ ሰዓት ጠበቁ። ሁለት ጠበቁ። ሊጡ እንደተኛ ቀረ። ዱቄት አልደፋም ብለው ጋገሩት፤ የወጣው ጡብ ነበር።

ባለቤታቸው ተመልሰው ጡቡንም የባላቸውንም ፊት አዩ። «ሊጡ እምቢ ቢል አንተ ኩፍ አልክ?» ብለው ቀለዱና ቁራሹን ሻይ ውስጥ እየነከሩ ዝም ብለው በሉት። ያ ዝምታ ከቀልዱ የበለጠ ጋሽ ፉርኖን አንገበገባቸው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሥራቸው መስኮት ላይ መቀመጥ ሆነ። ከዚያ ሆነው የመምህርቷን በር ያያሉ። የጥበቃው ሚስት በስኒ ዱቄት ይዛ ገባች። ልብስ ሰፊው ሳህን ሊመልስ መጣ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ነርስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። «አምስተኛዋ» ይላሉ ጋሽ ፉርኖ ለራሳቸው። «ስድስተኛው።» ድሮ በበዓል ዋዜማ እንዲህ የሚንኳኳው እሳቸው የሚጋግሩበት ዳቦ ቤት በር ነበር።

ቅናት ብዙ ጊዜ የጨዋ ሰው ልብስ ለብሶ ነው ከቤት የሚወጣ። ጋሽ ፉርኖም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጃኬታቸውን ቆልፈው ወደ መምህርቷ ቤት ሲሄዱ፣ ለራሳቸው የነገሩት «የሰፈሩን ጤና ለመጠበቅ ነው የምሄደው» የሚል ነበር።

መምህርቷ በአክብሮት አስገባቻቸው። ጋሽ ፉርኖ ዝንብና የሚገማ ሊጥ ጠብቀው ነበር። ያዩት ግን አፈ ሰፊ ንጹሕ ጠርሙስ ነው፤ አፉ በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ በላስቲክ ታስሯል፣ ወገቡ ላይ ሊጡ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ የሚያሳይ የወረቀት ምልክት ተለጥፎበታል። በውስጡ ያለው ሊጥ ከላይ እስከ ታች አረፋ በአረፋ ሆኖ ቀስ እያለ ይተነፍሳል።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ ዓይናቸውን ከጠርሙሱ ሳይነቅሉ፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ። ሰው ቢታመም ማን ይጠየቃል? የቆርቆሮው እርሾ በፋብሪካ ተመርምሮ የመጣ ነው። ይህ በማን ተመረመረ?»

«ጥያቄዎ ተገቢ ነው፣ ጋሼ። የምመረምረው እኔ ነኝ፤ በየቀኑ። ሻጋታ ካየሁበት ወይም ሮዝና ብርቱካናማ ቀለም ካወጣ ያለ ምሕረት እደፋዋለሁ፣ ጠርሙሱንም በፈላ ውሃ አጥቤ እንደገና እጀምራለሁ። ካልሆነ ግን ጠዋት ጠዋት ዱቄትና ውሃ እሰጠዋለሁ። እጄን ሳልታጠብ አልነካውም።»

«ኮምጣጣነቱስ? የኮመጠጠ ነገር የተበላሸ ነገር ነው።»

«ሁሌ አይደለም። እዚህ ውስጥ ሁለት ዓይነት ደቃቃ ፍጥረቶች ተስማምተው ይኖራሉ። አንደኛው እርሾው ነው፤ ሊጡን በአየር የሚሞላው እሱ ነው። ሁለተኛዎቹ ማኮምጠጫውን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ያ ኮምጣጣነት ጎጂዎቹ ጀርሞች እንዳይመቻቸው ያደርጋል። ደግሞ የቆርቆሮው እርሾም ቢሆን ሕይወት ያለው ነገር ነው። አድርቀው አስተኝተው ነው የሚልኩልን። የሱ ዘመድ እዚሁ ዱቄታችን ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው እኛ መርከብ የምንጠብቀው።»

ጋሽ ፉርኖ ወደ ጠርሙሱ ጎንበስ አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ቡናማ ፍሬ በማንኪያ ሲሰፍሩ ምን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም ነበር። ይህን ያልጠየቁትን ነገር አንዲት ልጅ ስትመልስላቸው መስማት ደግሞ ከባድ ነው።

መምህርቷ በዚህ መሐል የጋገረችውን አምጥታ ቆረጠችው። «እኔ ደግሞ እርስዎን የምጠይቀው አለኝ» አለች። «ይኸው፣ ከታች ድፍን ይላል። ሊጡም እንደ ሳህን ይዘረጋብኛል፣ ቀና ብሎ አይቆምም። ምን እያጠፋሁ ነው?»

ጋሽ ፉርኖ አንድ ጊዜ አይተው አወቁት። ሊጡን ስታድበለብለው ቆዳውን አልወጠረችውም፤ ሊጡ በቅጡ ኩፍ ሳይልም ምድጃ ውስጥ አስገብታዋለች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጣ፤ ዋጡት።

«ዱቄቱ ነው» አሉ። «የዘንድሮ ዱቄት አይረባም።»

ልጅቷ አመስግና ሸኘቻቸው። ጋሽ ፉርኖ ደረጃውን ሲወጡ ያሸነፉ መስሏቸው ነበር።

ከሳምንት በኋላ መምህርቷ ጠርሙሱን ታቅፋ በራቸውን አንኳኳች። እናቷ ዓይናቸውን ሊታከሙ ስለሆነ አራት ቀን እናቷ ዘንድ ልትቆይ ነው። «በቀን አንዴ አንድ ማንኪያ ዱቄትና አንድ ማንኪያ ውሃ ብቻ ይስጡልኝ» አለች። «በዚህ ሕንጻ ከእርስዎ በላይ ሊጥ የሚያውቅ ማን አለ?»

ምስጋናው ጣፋጭ ነበር፤ ግን ቀናተኛ ሆድ ውስጥ ሲገባ እሱም ይመራል። ጋሽ ፉርኖ «እያሾፈችብኝ ይሆን?» እያሉ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የመጀመሪያውን ቀን እንደታዘዙት አደረጉ። ከሰዓት በኋላ ሊጡ እጥፍ ሆኖ ጨርቁን ሊነካ ደረሰ፤ ባለቤታቸውም እጃቸውን አጨብጭበው «አንተ ሰውዬ፣ ና እይ! እንደ ልጅ እኮ አደገ!» ብለው ጠሯቸው። የገዛ ቤታቸው ውስጥ፣ የገዛ ጠረጴዛቸው ላይ!

በማግስቱ ማክሰኞ ባለቤታቸው ገበያ ወጡ። ጋሽ ፉርኖ ማንቆርቆሪያ ጣዱ። ሲፈላ የጠርሙሱን ጨርቅ ፈትተው ውሃውን ጨመሩበት። አረፋው በአንድ ጊዜ ተኮማትሮ ጠፋ፤ የተቀቀለ ዱቄት ሽታ ቤቱን ሞላው። የተረፈውን ውሃ አጥልለው፣ ከላይ ዱቄት ነስንሰው፣ በማንኪያ አመሳስለው መልሰው ሸፈኑት። ደስ የሚላቸው መስሏቸው ነበር። ግን ወንበር ስበው ለጠርሙሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

መምህርቷ ተመለሰች። ሁለት ቀን መገበችው፣ ሙቅ ቦታ አዛወረችው፤ አልነቃም። የልብስ ሰፊው ሚስት የዱቄት ስኒዋን ይዛ መጥታ ባዶ እጇን ስትመለስ ጋሽ ፉርኖ ከመስኮታቸው አዩ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ እሳቸው ቤት መጣች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለች። «እርሾው ሞቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በደንብ ሳላስረዳ አደራ ጫንኩብዎት። እርስዎ እንዲህ ሆነ ብለው እንዳይጨነቁ ብዬ ነው።»

ጋሽ ፉርኖ አንገታቸውን ደፍተው «ምንም አይደለም» አሉ። ከዚህ የባሰ ቃል መናገር ይቻል እንደሆን እንጃ።

በሩ እንደተዘጋ ባለቤታቸው የሚለቅሙትን ምስር ገፋ አደረጉት። «ምን አደረግከው?» አሉ።

«ምኑን?»

«ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ ማንቆርቆሪያው ትኩስ ነበር። ሻይ ግን የጠጣ ሰው አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬህ ኖሬ ፊትህን የማላነብ መሰለህ?»

«አንቺ ነሻ!» ብለው ፈነዱ ጋሽ ፉርኖ። «እጇ ይባረክ አልሽ! ሠላሳ አንድ ዓመት እሳት ፊት ቆሜ አንድ ቀን እጅህ ይባረክ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

 ባለቤታቸው ሲመልሱ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «አንተ ትኩሱን የምትጋግረው ለሰው ነበር። እኔ ዘንድ የሚደርሰው ከትናንት የተረፈው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የዳቦ ጋጋሪ ሚስት ሆኜ ትኩስ ዳቦ ቤቴ ሲገባ ያየሁት ያቺ ልጅ በሳህን ስትልክልኝ ነው። ምኑን ልመርቅልህ?»

ጋሽ ፉርኖ ይህን ፈጽሞ አስበውት አያውቁም።  ከዚያ ተነስተው ኮፍያቸውን ሳያደርጉ ወደ ታች ወረዱ።

መምህርቷ የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም አገኟት። ቆመው ተናገሩ፤ ውሃውንም ቅናቱንም ሁሉንም ተናገሩ። «ዱቄቱ ነው ያልኩሽም ውሸት ነው» አሉ በመጨረሻ። «የሚጎድልሽን አይቼ ነው የደበቅኩሽ።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቷ ቀላ። «የልብስ ሰፊው ሚስት ባዶ እጇን ስትመለስ አይተው ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«አይተውም ዝም አሉ?»

«ዝም አልኩ።»

«እንግዲህ ጋሼ፣ አልዋሽዎትም፤ ተናድጃለሁ። ይቅር ለማለት ጊዜ ያስፈልገኛል። እርሾውን ግን ቁጣዬ እስኪበርድ አናስጠብቀው። ዛሬ እንጀምራለን፤ በእርስዎ ቤት፣ በእርስዎ እጅ። ዱቄትና ውሃ ሙጫ ነው ብለውኝ የለ? እስኪ በዓይንዎ ይዩት።»

በዚያው ቀን ጋሽ ፉርኖ ጠርሙስ አጥበው፣ ከነገለባው ከተፈጨ ዱቄት ሁለት ማንኪያ፣ ፈልቶ ከበረደ ውሃም ሁለት ማንኪያ አዋሐዱ። «ይህችን ብቻ?» ብለው ጠየቁ። «የችግር ጊዜ ነው፤ ለሙከራ ብለን ዱቄት አናባክንም» አለች መምህርቷ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎራ ትላለች፤ ጋሽ ፉርኖ ጠርሙሱን ያቀርባሉ፤ ግማሹን አውጥተው በምትኩ አዲስ ይጨምራሉ። በሁለተኛው ቀን ጥቂት አረፋ ታየ። በሦስተኛው ቀን ሽታው አፍንጫ የሚያስይዝ ሆነ።

«አላልኩሽም?» አሉ ጋሽ ፉርኖ። የድል ስሜት ሊመጣባቸው ሲል ግን ራሳቸው ታዘቡትና አፈሩ።

«ገና ነው። አሁን ያሉት ቀድመው የደረሱ እንግዶች ናቸው። ለዚህ ነው በነዚህ ቀኖች የሚወጣው የማይበላው። ኮምጣጣነቱ ሲበረታ እነሱ ይወጣሉ።»

በአራተኛው ቀን ሊጡ ጭራሽ ጸጥ አለ። ጋሽ ፉርኖ ከአንድም አራት ጊዜ ጨርቁን ገለጡት። ባለቤታቸው ሲያዩዋቸው እንደ ጥፋተኛ ተማሪ እጃቸውን ሰበሰቡ። እንዲነሳ መጓጓታቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጠርሙሱን ከፊታቸው አስቀምጠው ሲጫወቱ መምህርቷ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «የሚጎድለኝን ሲያዩ መንገሩ ምን ያስቀርብዎት ነበር?»

«እንዲህ ነው ያደግነው» አሉ ጋሽ ፉርኖ። «የእኔ አለቃ እርሾና ጨው ሲመጥን 'ውሃ ቅዳ' ብሎ ያስወጣኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በበር ስንጥቅ አጮልቄ ነው የተማርኩት። እኔም በተራዬ ሠራተኞቼን ውሃ ሳስቀዳ ኖርኩ።»

«አሁን ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል። ያ ምስጢር ዛሬ ማንን አበላ?»

«ማንንም» አሉ። ቀጠሉና ልባቸው ውስጥ የነበረውን አወጡት። «ነገር ግን ልጄ፣ ሁሉም ሰው ካወቀው እኔ ማን ልባል ነው? አንድ ሙያ ነው ያለኝ።»

«እኔ በየዓመቱ የማውቀውን ሁሉ ለመቶ ተማሪ እሰጣለሁ» አለች። «አንድም ቀን ግን ባዶ ሆኜ ቤቴ አልገባሁም። እንዲያውም የማላውቀውን የሚነግሩኝ እነሱው ናቸው። እርስዎ ሊጥ በእጅዎ ነክተው የሚያውቁትን እኔ በመጽሐፍ አላገኘሁትም። ደብቀውት ከሄዱ ግን አብሮዎት ይሄዳል፤ ጋሽ ፉርኖ የሚለው ስም ብቻ ይቀራል፣ እሱም ትንሽ ቆይቶ ይረሳል።»

ጋሽ ፉርኖ የጠርሙሱን ጨርቅ ፈትተው የዕለቱን ዱቄትና ውሃ ጨመሩ። የቀናተኛ ሰው ችግሩ ይኸው ነው፦ የሌላው ሰው ብርሃን የእሱን የሚያጠፋበት ይመስለዋል፣ ሁለቱም ጨለማ ውስጥ እስኪቀመጡ ድረስም አይነቃም።

በስድስተኛው ቀን ደስ የሚል የፍራፍሬ ሽታ መጣ። በሰባተኛው ቀን ሊጡ በአራት ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ጋሽ ፉርኖ ደረጃውን በዚያ ጉልበታቸው ሁለት ሁለት እየዘለሉ ወርደው የመምህርቷን በር ደበደቡ። «ነፍስ ዘራ!» አሉ። «ነፍስ ዘራ፣ ልጄ! ሙጫው ነፍስ ዘራ!» መምህርቷ ከልቧ ሳቀች፤ የቁጣዋ ነገር ያለቀው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

በማግስቱ አብረው ጋገሩ፤ በዚያን ቀን አስተማሪው ጋሽ ፉርኖ ነበሩ። «ሊጡን አትደብድቢው፣ ወደ ራስሽ እየሳብሽ ቆዳውን ወጥሪው። አየሽ፣ እንደ ከበሮ። አሁን በጣትሽ ጫን አድርጊው። ወዲያው ተመለሰ? አልደረሰም። ቀስ ብሎ ሲመለስ ነው የሚገባው። ይህ እርሾ እንደ ቆርቆሮው አይቸኩልም፤ አንቺም አትቸኩዪ።» ድስቱን ከነክዳኑ ምድጃ ውስጥ አግለው ሊጡን በውስጡ ጋገሩት። የወጣው ዳቦ ደረቱን ነፍቶ የቆመ፣ ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሽ ነበር። ዳቦ ሳይበርድ አይቆረጥም ብለው ዕድሜ ልካቸውን ሲቆጡ የኖሩት ሰውዬ፣ እንፋሎቱ ሳይቆም ቆርሰው ለባለቤታቸው በእጃቸው ሰጡ። ባለቤታቸው ጎረሱ። ምንም አላሉም፤ አፋቸው ሞልቶ ነበርና። የባላቸውን እጅ ግን ይዘው ሳሙት።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ፉርኖ የሕንጻውን ሰዎች ግቢው ውስጥ ሰበሰቡ። አግዳሚው ላይ እርሾ ያለባቸው ስድስት ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ያደረጉትን ጥፋት ከማንም ቀድመው ራሳቸው ተናገሩ፤ አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ፣ የልብስ ሰፊው ሚስትም ለጊዜው ፊቷን አዞረች። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

«እኔ ይህን ነገር ቆሻሻ ነው ብዬ ነበር። ያላወቅኩትን ነው የሰደብኩት። በንጹሕ ጠርሙስ፣ በታጠበ እጅ የተያዘ እርሾ ንጹሕ ነው። መርከብ መጣ ቀረ ብላችሁ አትጠብቁም። ዳቦው በደንብ ከተጋገረ ቶሎ አይሻግትም፤ ቢደርቅም እንደገና ይሞቃል። ሲመገብ የሚወጣውን ትርፍ አትድፉት፤ ጨው ነካ አድርጋችሁ መጥበሻ ላይ በስሱ ጋግሩት። የአንዱ ቤት እርሾ ቢሞት ከሌላው ቤት በማንኪያ ይወሰዳል፤ ለዚህ ነው አንድ ቤት ብቻ መቀመጥ የሌለበት። እኔ አንዱን ስገድል ሁላችሁም ጾማችሁን ዋላችሁ። ስድስት ቤት ቢኖር ግን የእኔ ክፋት የትም አይደርስም ነበር። ሊጥ አልሆንለት ያለው ሰው ይምጣ፤ ቤቴ ክፍት ነው። ውሃ ቅዳ ብዬ የማስወጣው ሰው የለም።»

ጠርሙሶቹ ተከፋፈሉ። የልብስ ሰፊው ሚስት መጨረሻ ላይ መጥታ አንዱን አነሳች፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ ድምፅዋ ባይሞቅም።

አሥር ቀን ያህል ቆይቶ አንድ ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ጋሽ ፉርኖ ቤት ሻይ ስትጠጣ፣ ከልብስ ሰፊው ቤት እሱ ራሱ የጋገረው አንድ ዳቦ በሳህን መጣ። የጋሽ ፉርኖ ባለቤት ቆርሰው ቀመሱ። እንደገና ቆረሱ።

«እንግዲህ አትቀየሙኝ» አሉ፣ «ከሁለታችሁም የእሱ ይበልጣል።»

ጋሽ ፉርኖ ያቺ የታወቀች ቅናት ደረታቸው ውስጥ ውግት ስታደርጋቸው ተሰማቸው። ቀና ብለው መምህርቷን አዩ። እሷም ከንፈሯን ነክሳ ሳህኑን ታያለች። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው።

«አንቺንም?» አሉ ጋሽ ፉርኖ።

«እኔንም» አለች መምህርቷ።

ጋሽ ፉርኖ ዳቦውን አገላብጠው አዩት፣ ሆዱን በጣታቸው አንኳኩ፣ አሸተቱት። ከዚያ ተነስተው ጫማቸውን አጠለቁና ከመምህርቷ ጋር ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ወረዱ። ሰፊው የሰው ሱሪ እየተኮሰ ነበር፤ ሲያያቸው ደንግጦ ካውያውን አቆመ።

«ምን አጠፋሁ፣ ጋሼ?»

«እንዴት አደረግከው?» አሉ ጋሽ ፉርኖ።

«እኔማ ምን አውቃለሁ... ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ሊጡን እዚህ ካውያው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ስተኩስ እሱም ይሞቀዋል። ደግሞ ጨርቅ እጥፍ እንደማደርገው በየመሐሉ አጣጥፈዋለሁ። ስህተት ነው እንዴ?»

ጋሽ ፉርኖ አንድ ዱካ ስበው ተቀመጡ፤ ለመምህርቷም ሌላ ሳቡላት።

«አሳየን» አሉ።